መሐል የገባው ስም

ላሊበላ፣ የካቲት 1980

ይድረስ ለእንድሪስ፤

«ሽማግሌ ኮምፒውተር ይፈራል» ብለህ ስሜን ከመጻሕፍት መዝጋቢው ቡድን ሰረዝኸው። በደልኸኝ። እኔ ግን ከደሴ በጭነት መኪና ተሳፍሬ መጣሁ።

ምነው ባየህ! ከየደብሩ የመጡት ካህናት እንደ ማኅሌት ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ መካከላቸው ኮምፒውተሩ! ቀኞቹ ዝርዝሩን ከመስታወቱ ያነባሉ፣ ግራዎቹ ያርማሉ፣ ጸሐፊዋ ይማርሽ ትጽፋለች። እኔ ከኋላ ሆኜ «ትናንት አሸተን ማርያም ያየሁት ድጓ የለበትም!» ብዬ ጮኽሁ።

ደሴ ቢሆን ሠላሳ ገጽ በእጅ እንደገና ገልብጠን ሳምንት እንኳረፍ ነበር። እዚህ ይማርሽ አንድ ቁልፍ ነካች፤ የተመዘገቡት መጻሕፍት መስታወቱ ላይ፣ አግዳሚ ላይ እንዳለ ሰው ተሸጋሽገው ለድጓው ቦታ ለቀቁ። መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ «እነዚህስ ከእኛ ይልቅ ጨዋ ናቸው!» ቢሉ፣ በሳቅ ከዘራዬን ጣልሁ። እኔ፣ ሳቅ የማያውቀው መኩሪያ!

ከዚያ መሪጌታ «እኒህንም ሽማግሌ አስገቧቸው» አሉ። ስሜ ከቡድኑ ዝርዝር መሐል ገባ፤ ያንተ አንድ መስመር ወረደ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ለሐቢባ ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። ስለ ስረዛው ዳግመኛ አልናገርም፤ አንተም ብታነሣው አልሰማህም።