ብስክሌት ላይ ክብደት ስለ መጫን

ለልጄ ለማቲ፤ እናትህ ብትኖር አስቀድማ የምትጠይቀውን እኔ ልጠይቅህ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ጌታ ይመስገን ምንም አልሆንኩም።

«ለውድድር ስለማመድ ብስክሌቴ ላይ አሸዋ ብጭን ይጠቅመኛል? አሠልጣኜ አይረባም ይላል» ብለሃል። አሠልጣኝህ ከገሱባ እስከ ሶዶ ግማሽ ኩንታል በቆሎ በብስክሌት ጭኖ ያውቃል? እኔ ሃያ ዓመት ጭኛለሁ። ባራገፍኩ ቀን ዳገቱ ሜዳ ይሆንልኝ ነበር። ስለዚህ ጫን።

ቅዳሜ ግን ባዶውን እየነዳሁ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ከብስክሌቱ ወረድኩ። ጎማው ነው ብዬ አስቀየርኩ። ዛሬም ወረድኩ። ጎረቤታችን ሽታዬ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አገኘችኝና «የማቲ አባት፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለች። «ብስክሌት ሐኪም ያየዋል እንዴ?» አልኳት።

ውድድርህ እንዳለቀ ና። አንተ ንዳውና ክብደቱ የቱ ጋ እንዳለ ንገረኝ።

ጓደኞችህን ሰላም በልልኝ፤ ጌታ መንገድህን ያቅናው።

አባትህ ባዳቾ