«ደህና ነኝ» በማለቷ ኪኒኗን ስለተከለከለችው ባለቤቴ

ለተከበሩ የልዩ መድኃኒት ማስገቢያ ፈቃድ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎና ከነባልደረቦችዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በዲላ ከተማ ልብስ ሰፊ የሆንኩት ባንተአምላክ ተሻለ ጤናዎን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው፤ መልሱን እንደ ማስረጃ አልይዝብዎትም።

ባለቤቴን ወይዘሮ መሰለችን ያስታውሷታል ብዬ አልደፍርም፤ ባለጉዳይዎ ብዙ ነው። ዕድሜዋን በመጋዘን ቡና ስትለቅም የኖረች፣ ሲጋራ በእጇ ነክታ የማታውቅ ሴት ነበረች። የሳንባ ካንሰር ይዟት ከተሰራጨ በኋላ ሐኪሟ ናሙናውን ውጭ ሀገር አስመርምሮ ለእርሷ ዓይነቱ ካንሰር የሚስማማ፣ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘላት። በሽታውን ያዘገየዋል እንጂ አይነቅለውም ብሎ እውነቱን ነግሮናል። ወንድሟ ከህንድ ያመጣላትን ስትጀምር ግን፣ ደጅ መውጣት አቅቷት የነበረችው ሴት ወናጎ ድረስ ሄዳ እህቷን ጠየቀች፣ የጓሮ እንሰቷንም ኮተኮተች። ደስ ብሎን ነበር ክቡርነትዎ፤ በጣም ደስ ብሎን ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ቀጥሎ የተላከላት ኪኒን አየር ማረፊያ ሲያዝ፣ ታማሚዋ ራሷ በአካል ትቅረብ በማለትዎ አመሰግናለሁ። ከአልጋ ለተነሳች ሴት የዲላና የአዲስ አበባ መንገድ ጥሩ መናፈሻ ነው።

፪ኛ. እኛ ዘንድ መንግሥት ፊት በአሮጌ ልብስ አይቀረብም። ስለዚህ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ፣ የጎረቤታችንን የወይዘሮ አሰፋችን የጆሮ ጌጥ ተውሳ ቀረበች። ኪኒኑ ፊቷ ላይ ያወጣባትን ሽፍታ እንኳ እርስዎን እንዳያስቀይም በፓውደር ሸፈነችው። እንዴት ነሽ ሲሏትም፣ ወላጆቿ እንዳስተማሯት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ አለች። እርስዎም ደህና መሆኗን በአንደበቷ ስላረጋገጠች ጉዳዩ አስቸኳይ አይደለም ብለው ወሰኑ። የሰውን ቃል እንዲህ የሚያከብር ሹም ከየት ይገኛል?

፫ኛ. ኧረ ታማለች ብዬ ጣልቃ ስገባ፣ ባለጉዳይዋ እያለች አንተ ምን አገባህ በማለት የሴቶችን መብት ስላስተማሩኝም ባለውለታዎ ነኝ።

ስንመለስ ይርጋለምን እስክናልፍ ድረስ አለቀሰች። ደህና ነኝ ማለት አልነበረብኝም እያለች። ጥፋቱ የራሷ መሰላት፤ ኪኒኑ አልቆ ሳሉ ሲመለስባትም፣ አልጋ ላይ ሆና ይቅርታ የምትጠይቀው እኔን ነበር። ሌላውን ሁሉ እረሳው ይሆናል፤ ይህን ግን አልችልም።

ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ እንዴት ነዎት የሚልዎትም ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ባንተአምላክ ተሻለ
ዲላ፣ ጥር 2007 ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ ፈቃድዎ አርባዋን ባወጣን ማግስት ደርሶናል። ኪኒኑን ታማሚዋ ራሷ በአካል ቀርባ ትረከብ ይላል። እባክዎ እርስዎ ይምጡ፤ መቃብሯን አሳይዎታለሁ። እንዴት ነሽ ይበሏት፤ አሁን ደህና ነኝ አትልዎትም።