ዜሮ ቀለም አይቀባም

የልጄ ልጅ፣ ያሰብሽው ይቅናሽ፤ የሰው ፊት አይግረፍሽ። እኛ ከጉልበቴ ጩኸት በቀር ደህና ነን።

ለሂሳብ አያያዝ ትምህርትሽ ሠርተን ከምንሸጠው የአንዱን ወንበር ወጪ ስትጠይቂኝ እንጨቱንም ሚስማሩንም ቆጠርኩ፤ «የቀለም ቀቢ ደሞዝ» ባልሽው ፊት ግን ዜሮ ጻፍኩ። ቀቢዋ አያትሽ ናት፤ ሳንቲም ከፍያት አላውቅም።

«ትርፋማ ናችሁ» ብለሽ የላክሽውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ብሩሹን አስቀመጠችና «ዜሮ ቀለም አይቀባም፣ አንተ ሽማግሌ!» አለችኝ። እኔ ሳቅኩ፤ እሷ ፊቷን አዞረች። ያኔ አፈርኩ። ትርፍ ስለው የኖርኩት ለካ የእሷ ድካም ነው።

አሁን የምቀባው እኔ ነኝ፤ ወንበሩ ፈንጣጣ የያዘው መስሏል። እባክሽ ደሞዟን አስገብተሽ ሂሳቡን እንደገና ስሪልኝ። ኪሳራ ቢወጣም አትደብቂ። መልሱን ለእሷ ላኪው፤ በተራዋ ጮክ ብላ ታንብብልኝ። እደጊ፣ ተመንደጊ።