የኦቦ ዳባ ገመድ

ፉሪ፤ ማክሰኞ፣ የካቲት 11

የእህቴ ልጅ ያመጣችልኝን የድሮ የሩሲያ ልብ ወለድ ይዤ እንደ ወትሮው ላነብላቸው ጎረቤቴ ኦቦ ዳባ ዘንድ ሄድኩ። ማሳቸው ለቤት መሥሪያ ከተሸነሸነ ወዲህ ሥራ ፈትቶ የቆመውን የመጨረሻ በሬያቸውን ሰበታ ገበያ ሸጠው መመለሳቸው ነበር።

ያነበብኩላቸው አንድ ገበሬ ፈረሱን ሸጦ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያለውን ክፍል ነው። በሆዱ የሚያስበውን ጸሐፊው ሦስት ገጽ ዘርዝሮታል።

«ይኼ ሰውዬ ገበሬው ሆድ ውስጥ በየት በኩል ገባ?» አሉኝ።

«አንቱስ መንገድ ላይ ምን ሲያስቡ መጡ? ይንገሩኝና እኔም ሦስት ገጽ ልጻፍልዎት» ብዬ ተረብኳቸው።

«ምንም። ታክሲ ጠፍቶ እሱን ስጠብቅ ነበር።»

ሳቅኩ። እኛ ዘንድ ከብት የሸጠ ሰው ገመዱን ፈትቶ ይዞ ይመለሳል፤ ነገ ሌላ ይታሰርበታል ብሎ ነው። የኦቦ ዳባ ገመድ የሚሰቀልበትን ምሰሶ ቀና ብዬ አየሁት። ባዶ ነው።

«ገመዱስ?» አልኳቸው።

«አብሬ ሰጠሁት።»

ለሁሉም ነገር ቀልድ የማላጣው እኔ የመጽሐፉን ገጾች አገላበጥኩ።

«አንብብ እንጂ» አሉኝ፤ «ያ ገበሬ እቤቱ ገባ?»

ሳል ይዞኛል ብዬ መጽሐፉን ከደንኩት።