ለዝላይህ የጨመርኩልህ አስር ሳንቲ ሜትር

ውድ ኡጁሉ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ በሕይወት እያለህም ስጠይቅህ «ደህና ነኝ ቲቸር» ከማለት በቀር የረባ መልስ ሰጥተኸኝ አታውቅም። አብረን ኖረን፣ ልጅ ወልደን፣ «ቲቸር» ማለትህን ግን አልተውክም። ሰው ፊት ስትጠራኝ እቆጣህ ነበር። አሁን ተማሪዎቼ በዚያ ስም ሲጠሩኝ ያንተን የወሰዱብኝ እየመሰለኝ እቀናባቸዋለሁ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ገነት ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። በአንድ እግሯ ካልሆነ ከበር እስከ አልጋ መሄድ ትታለች፤ ስቆጣት «አባዬም እንዲህ ነበር» ትለኛለች። እናቴ ከደብረ ማርቆስ «ልጅሽን ይዘሽ አገርሽ ግቢ» እያለች ትልክብኛለች። አልሄድም። አንተን እዚህ ትቼ ለማን? ማንጎው ዘንድሮ በአበባው ቀረ። ከተማችን ጋምቤላ፣ ክልል ከሆንን ወዲህ ቢሮ በቢሮ ሆኗል፤ አዲስ ታፔላ ሳይተከል የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንተ ትሠራበት የነበረው የስፖርት ክፍልም ግድግዳውን ነጭ ቀብቶ የክልሉን ክብረ ወሰኖች ጽፎበታል። በስሉስ ዝላይ ረድፍ ስምህ አለ፤ አስራ አምስት ሜትር ከሠላሳ ሁለት። ከገበያ ስመለስ መንገዴ ባይሆንም በዚያ በኩል እዞራለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ስለዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ውሸት ነው ኡጁሉ። ውሸቱም የእኔ ነው።

ክልሉ ገና እንደተቋቋመ የተደረገውን የመጀመሪያውን ሻምፒዮና መቼም አትረሳውም። ዳኛ ስላልነበረ አስተማሪዎችን ሰበሰቡን። እኔ ሒሳብ ስለማስተምር «እሷ ቁጥር ታውቃለች» ተብዬ የዝላዩን ርቀት አንባቢ ሆንኩ። መለኪያውን ሜትር የተዋስነው ከትምህርት ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር። የጋምቤላ ምስጥ የማይበላው ምን አለ? የጨርቁን ሜትር ጫፍ በልቶት፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የተበላውን ቆርጦ ጥሎ የጫፉን ቀለበት አስር ቁጥር ላይ ሰፍቶታል። ስለዚህ በዚያ ሜትር የሚነበበው ሁሉ ከእውነተኛው በአስር ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ይህን የማያውቅ አስተማሪ አልነበረም፤ ካነበብከው ላይ አስር ቀንሰህ ትጽፋለህ፣ አለቀ። እኔም ጠዋቱን ሙሉ የሁሉንም ዝላይ አስር አስር እየቀነስኩ ስጽፍ ቆየሁ።

ከዚያ አንተ መጣህ። በግራ እግርህ ተነሣህ፣ በዚያው በግራህ አረፍክ፣ በቀኝህ ተራመድክ፣ ከዚያ ወደ አሸዋው ሄድክ። ሄድክ ነው የምለው፤ ሌላው ሁሉ ይወድቅ ነበር፣ አንተ ግን እቤትህ እንደሚገባ ሰው ነበር የገባህበት። አሸዋውን እያራገፍክ ተነሣህና ጥርስህን ከፍተህ «ስንት ነው ቲቸር?» አልከኝ። አስተማሪህ ሆኜ አላውቅም፤ እዚህ አገር ጠመኔ የያዘ ሁሉ ቲቸር ነው። ያነበብኩትን ጮክ ብዬ ነገርኩህ፣ ጻፍኩት፣ ሕዝቡም ጮኸ። መቀነሱን ረሳሁት። ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ከቁጥር ላይ አስር መቀነስ ያቃተኝ በዕድሜዬ የዚያን ቀን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ታውቀዋለህ።

መሳሳቴን ያወቅኩት ውድድሩ አልቆ ሜትሩን ስጠቀልል ነው። ቀለበቱ ጋ ደርሼ አስር ቁጥርን በአውራ ጣቴ ሥር ሳያት ጆሮዬ ጋለ። የዘለልከው አስራ አምስት ከሃያ ሁለት ነበር። በእሱም ቢሆን አንደኛ ነህ፤ ወርቁ ያንተው ነው። ግን ያን ጊዜ ሰው ትከሻ ላይ ነበርክ፤ ከበሮ እየተመታ ወደ ባሮ ድልድይ ይወስዱሃል። ነገ እናገራለሁ አልኩ። በነጋታው ልታመሰግነኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጣህ። በሦስተኛው ቀንም መጣህ፤ የምታመሰግንበት ነገር ግን አልነበረህም፤ ዝም ብለህ ቆምክ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልናገር? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ከተጋባን በኋላ ደግሞ ቅናቱ መጣ። ባሮ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ስምህን እየጠሩ ሲያሳልፉህ ስቄ አልፌያለሁ። ልክ ነው፣ አንዷን ለሁለት ሳምንት ሰላም አላልኳትም፤ እሱን ተወው። እንቅልፍ የነሣኝ ሴት አልነበረም፤ አሸዋ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ከጎኔ ትነሣለህ። ከባሮ በጆንያ አሸዋ ተሸክመህ ትሄዳለህ፣ ጉድጓዱን ትሞላለህ፣ ታስተካክላለህ፣ ትዘላለህ። ማታም እንደዚያው። ፍራሻችን ውስጥ አሸዋ፣ የገነት ጡጦ ላይ አሸዋ። ስትመለስ ደግሞ ፊትህ ጠቁሮ «ያን ቀን ምን አግኝቶኝ ነበር ቲቸር? አንድ ጊዜ የሠራሁትን ለምን መድገም አቃተኝ?» ትለኝ ነበር። እኔ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ። ዕንባዬን በሽንኩርቱ አመካኛለሁ።

የምታሳድደውን ዝላይ ማንም ዘሎት አያውቅም ነበር። የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ጎትታ የምትወስድህን ጣውንት ራሴው ድሬልህ በላዬ ላይ አመጣሁ። አንድ ቃል ተናግሬ ላስቀርህ ስችል አልተናገርኩም። ስትሰማ ፊትህ እንዴት እንደሚሆን እፈራ ነበር። የሻምፒዮን ሚስት መባልም ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅህም።

ኋላ ኡቻላ መጣ፤ ያ ከአቦቦ ወረዳ የመጣው ጤና ረዳት። እግሩን አይተህ ወደድከው። የተረፈችኝን ቅዳሜ ጠዋት ዝላይ ልታስተምረው ለእሱ ሰጠህብኝ። ለእኔ ያልነገርከኝን ሁሉ ለእሱ ነገርከው፤ የት እንደምትተነፍስ፣ ስንት እርምጃ እንደምትቆጥር፣ ከመነሣትህ በፊት ምን እንደምታስብ። እኔ ምን እንደምታስብ ጠይቄህ «ምንም» ነበር ያልከኝ። ወባዋ ጭንቅላትህ ላይ ወጥታ በተኛህባት በዚያች የመጨረሻ ሳምንት እንኳ፣ እጅህን የያዝኩት እኔ፣ አንተ የምትጠይቀው ስለ ኡቻላ ግራ ተረከዝ። እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

ባለፈው ወር ሻምፒዮናው ተደረገ። አሁን መለኪያው ከአዲስ አበባ የመጣ የብረት ሜትር ነው፤ ከዜሮ ይጀምራል፣ ምስጥም አይነካውም። አንባቢዋ አሁንም እኔ ነኝ። ኡቻላ ዘለለ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ አስራ አምስት ከሃያ ስምንት። «አራት ቀረው» ብሎ ሕዝቡ አጉረመረመ። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ያንተን ክብረ ወሰን እንደሰበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። እሰይ አልኩ በሆዴ። ጠዋቶቼን ወስዷል፣ ስምህን ግን አይወስድም አልኩ። ቁጥሩን አሳምሬ ጻፍኩና እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ።

ባለፈው እሑድ ሚስቱ አሪየት ቤቴ መጣች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ወንበር ብሰጣት እምቢ ብላ በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። «ቲቸር፣ ኡቻላ ቤት የለም» አለችኝ። «ጠዋት አሸዋ፣ ማታ አሸዋ። አራት ቀረኝ ይላል፣ አራት ቀረኝ። ሴት ብትሆን ሄጄ እጣላለሁ። ከአሸዋ ጋር እንዴት ልጣላ?» ስንት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ከሰው አፍ ሰማሁት። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች፣ ሄደች። ያንተ ዕድሜ የሄደበት ሳያንስ የዚችንም ባል ላሰማራበት ነው?

ስለዚህ ነገ ሰኞ ቢሮው ሲከፈት እሄዳለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን ስንት ዓመት አሳደርኩት። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ከእንግዲህ ቁጥር አታንብቢ ይሉኝ ይሆናል፤ ይገባኛል። ቀለም ቀቢው ስምህ ላይ ብሩሹን ሲያሳርፍ ግን ቆሜ አያለሁ፤ ብቻህን አትጠፋም። በኡቻላ መቅናቴን ደግሞ ተውኩት ብዬ አልዋሽህም። ስሙን በቦታህ ሳነበው እንደሚቆጠቁጠኝ ከአሁኑ አውቀዋለሁ።

አሁን ከሁሉም የከበደኝ ቀረ። አዲስ አበባ ለአገር አቀፉ ውድድር የሄድክበት ጊዜ ነበር። እዚያ በትክክለኛ መለኪያ አስራ አምስት ከሃያ አምስት ዘለልክ። ከአውቶቡስ ስትወርድ አንገትህን ደፍተህ ነበር። «ሰባት ጎደለኝ ቲቸር፣ አረጀሁ መሰለኝ» አልከኝ። አልጎደለህም ኡጁሉ። ከራስህ በሦስት በልጠህ ነበር የመጣኸው። በሕይወትህ ከዘለልከው ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው፤ እኔም ይህን እያወቅኩ ሻንጣህን ተቀብዬ «አይዞህ» አልኩህ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው። እልል ማለት ነበረብኝ። መናኸሪያው መሀል ነጠላዬን ጥዬ እልል ማለት ነበረብኝ።

ግድግዳው ላይ ስምህን ቢያጠፉትም፣ እኔ የማስታውስህ በዚያ ቀን ነው። ገነትም አድጋ ስትጠይቀኝ የምነግራት ስለዚያ ቀን ነው፤ አባትሽ ከአውቶቡስ ሲወርድ በዕድሜው ከሁሉ በላይ ዘሎ ነበር፣ እሱ ብቻ አላወቀም፣ እኔ ስላልነገርኩት።

ባለቤትህ
ዘነበች