ድንኳን ያስመለሱት የወይዘሮ የትምወርቅ ተክለማርያም የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ የትምወርቅ ተክለማርያም ከአባታቸው ከአቶ ተክለማርያም ይርጉና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰገደች ጉግሳ በ1914 ዓ.ም. በቡልጋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ዲላ መጥተው፣ ከሰፈሩ ቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ቄሱ ጸጥ ያለች ተማሪ ይፈልጉ ነበር፤ የደረሰቻቸው ግን የትምወርቅ ነበረች።

በ1934 ዓ.ም. ከአቶ ወንድይራድ ከፈለኝ ጋር ጋብቻ መሥርተው ቆንጅትንና ደጀኔን ወለዱ። አቶ ወንድይራድ በጭነት መኪና ቡና ሲያመላልሱ፣ እርሳቸው ለሾፌሮች ምግብ ቤት ከፈቱ። ወጣቸው ጣት ያስቆረጥም ነበር፤ ጨዋታቸው ደግሞ ስንቱን ሾፌር ጉዞውን አስረስቶታል።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበርተኛ ነበሩ። ሰማዕቱን እንደ ቅርብ ዘመድ ያዩታል፤ ይለምኑታል፣ ያመሰግኑታል፣ ሲዘገይባቸውም ያኮርፉታል።

በሚያዝያ 1951 ዓ.ም. ዝናቡ በጠና ጊዜ፣ ከኮቸሬ ቡና ጭነው ይመለሱ የነበሩትን አቶ ወንድይራድን ደራሽ ውሃ ከነመኪናቸው ወሰዳቸው። መኪናው ተገልብጦ ተገኘ፤ ካፖርታቸውም ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ታየ። ፈላጊዎቹ ቀናት ደክመው ተስፋ ቆርጠው ተመለሱ። በሚያዝያ 23 ንጋት መርዶ ነጋሪዎች ደጅ ቆሙ፤ እድርተኛውም ድንኳን ተሸክሞ ተከተለ።

ዕለቱ የጊዮርጊስ ንግሥ ነው፤ የጽዋው ተራም የወይዘሮ የትምወርቅ ስለነበር ጠላው ቀደም ብሎ ተጠምቋል። ነጠላቸውን አላዘቀዘቁም። ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ሽብሩ፣ «ድንኳኑን ይመልሱልኝ፤ ጊዮርጊስ ገና ቁርጡን አልነገረኝም» አሏቸው። ከዚያ ጓዳ ገብተው የጊዮርጊስ ሥዕል ፊት ሲንሰቀሰቁ ቆንጅት ሰማች፦ «ሰው ሁሉ ተስፋ ቆረጠ፤ አንተም ከተውከኝ ወዴት እሄዳለሁ? በሕይወት ካመጣህልኝ ጃንጥላ አገባለሁ። ካላመጣህልኝ ግን ጽዋህን ሌላ ሰው ይደግስልህ!»

ለቀስተኛው ማልቀሱም መጠጣቱም ግራ ገብቶት ጠላውን እንደያዘ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ አቶ ወንድይራድ እግራቸው ተሰብሮ በቃሬዛ ደረሱ! አቶ ጴጥሮስ የተባሉ የሬኮ መንደር ገበሬ ከወንዙ ዳር አንሥተው፣ ውሃው እስኪጎድል ቤታቸው አስተኝተዋቸው ኖሯል። እልልታው ሲቀልጥ አቶ ወንድይራድ ጎረቤት የቀቀለላቸውን የለቅሶ ንፍሮ ቆርጠም አድርገው፣ «ጨው አንሶታል» አሉ።

ወይዘሮ የትምወርቅ አቶ ጴጥሮስን፣ «ጊዮርጊስ ነው የላከዎት» ቢሏቸው፣ የወንጌል አማኙ አቶ ጴጥሮስ፣ «እኔን የላከኝ ጌታ ነው፤ ጊዮርጊስን አላውቅም» ብለው መለሱ። ይህ ክርክር በየበዓሉ በሳቅ ይነሣ ነበር፤ ሁለቱም ሳይረቱ ቤተሰቦቻቸው ዘመድ ሆኑ። ጃንጥላው በዓመቱ ሲገባ አቶ ጴጥሮስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው አጨብጭበዋል።

ወይዘሮ የትምወርቅ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻው ሰዓት አቶ ወንድይራድ ወደ ሥዕሉ ዞረው ሲማጸኑ፣ ወይዘሮ የትምወርቅ የባላቸውን እጅ ያዙና፣ «እርስዎ ደግሞ ድንኳኑን እንዳይመልሱብኝ፤ አሁንስ ቁርጡን ነግሮኛል» አሏቸው። ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድም ያህል የሆኗቸውን አቶ ጴጥሮስን ትተው ሄደዋል። ሰማዕቱ በፈረሱ ወጥቶ ይቀበላቸው፤ እግዚአብሔርም ነፍሳቸውን ከአብርሃም ጎን ያሳርፍልን። እድርተኛው ዛሬ ድንኳኑን ይዞ ሲመጣ፣ አቶ ወንድይራድ የመጀመሪያውን ካስማ ከአቶ ጴጥሮስ ጋር ሆነው በገዛ እጃቸው ተከሉ።