በፓራፋንጎው ላይ ያለው ጠማማ ብየዳ

ውድ ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ካለፈ ሰነበተ። የሙት ዓመትህን አውጥተን ጥቁሬን አውልቄያለሁ። ስለብሰው የከበደኝን ያህል ሳወልቀውም ከበደኝ።

እኛ ደህና ነን። “የልጅ ልጆቻችንን ነው የሚያሳፍረው” እያልክ ትቀልድበት የነበረው ባቡር ሥራ ጀምሯል፤ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ሰው ጢም ብሎበት ይሄዳል። ገርጂ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ፊት ለፊት የነበረው ባዶ ሜዳ ላይ ፎቅ ቆሞ የሳሎናችንን የጠዋት ፀሐይ ወሰደብኝ። ስለዚህ ጠረጴዛህን ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት አዛወርኩት። እንዳትቆጣ፣ ከዕቃህ አንድም አልጣልኩም።

የምጽፍልህ ግን ስለ ታንኩ ልነግርህ ነው። ጨርሼዋለሁ።

ልጃችን ሳራ የበረራ አስተናጋጅ ሆና ከመጀመሪያ ጉዞዋ ስትመለስ ያመጣችልህን ካርቶን ታስታውሳለህ? እኔ ሽቶ ነው ብዬ ስጠብቅ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ የሞላበት የታንክ ሞዴል ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ ወርክሾፕህ ውስጥ ለቪላዎች በርና መስኮት ስትበይድ ከርመህ፣ እሁድ ደግሞ መጫወቻ ልትገጣጥም ስትቀመጥ ሳቅኩብህ። አንተ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል በጣትህ ዳሰስከው። ከዚያ “እኔ የነዳሁት ይሄንን ነው” አልከኝ። ታንክ ነጂ እንደነበርክ አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን በትዳራችን ዘመን ሁሉ ነግረኸኝ አታውቅም ነበር።

ከፋብሪካ የመጣው ፕላስቲክ አላረካህም። “ብረቱ የት ጋ ነው የተያያዘው? ይሄ እኮ ሳሙና ነው የሚመስለው” አልክ። ብየዳውን ራስህ ልትሠራለት፣ ቁርጥራጮቹ ተያይዘው ከመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ ትቆርጥና በሻማ እሳት አለስልሰህ ጫፍና ጫፉን ይዘህ ስትስበው እንደ ክር ይቀጥናል። ክሩን ሁለቱ ገጾች የሚገናኙበት ላይ ታስተኛዋለህ። በቀጭን ብሩሽ ፈሳሽ ማጣበቂያ ቀብተህ ለስለስ ሲል፣ በመርፌ ጀርባ ጫን ጫን እያደረግህ የብየዳውን እጥፋት ታወጣለህ፤ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ትንንሽ እጥፋት። በጣም ወጥ ሆኖ ከተሠራ ግን አትወደውም ነበር። “በያጅም ይተነፍሳል እኮ” ትላለህ።

ኩላሊትህን ሲያምህ እጅህ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ እሁድ ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረህና መርፌውን አስቀምጠህ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርክ። እኔ ሩዋንዳ ሰፈር ከምሠራበት ኬክ ቤት ገና መመለሴ ነበር። ያን ሰሞን የሠርግ ትእዛዝ ጎርፎብን የኬክ ጠርዝ በክሬም ሳስጌጥ ነበር የምውለው። “እስቲ አሳየኝ” አልኩህና አጠገብህ ተቀመጥኩ። መርፌውን ይዤ ትንሽ እንደሄድኩ፣ “አንቺ! በያጅ አግብቼ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ዘመን የኖርኩት?” ብለህ ከሰማሁት የቆየሁትን ሳቅህን ሳቅክ። ከዚያ ወዲያ አንተ እያሳየኸኝ እኔ ሠራሁ። ሕመምህ ጠንቶ እንኳ እነዚያ እሁዶች ደስ የሚሉ ነበሩ፤ ይህን ማንም አያምነኝም።

ለመጨረሻ ያስቀረኸው ከሰንሰለቱ በላይ ያለውን የግራውን ጭቃ መከላከያ ነበር፤ አንተ ፓራፋንጎ የምትለውን። “እዚህ ጋ ተቀዶ ነበር” ብለህ በጣትህ አሳየኸኝ። ድንጋይ መትቶት ሲቀደድ የበየደው ጉታ ነው አልከኝ፤ ታንኩ ውስጥ አብሮህ የነበረው ጥይት አጉራሽ። አንተ መብራት ይዘህለት እሱ በየደ። በኋላም ብየዳን ያስተማረህ እሱ ነው፤ የበላንበትን፣ ሳራን ያሳደግንበትን ሙያ። ሠራዊቱ ሲበተን መንገድ ላይ ተጠፋፋችሁ፤ ይኑር ይሙት አታውቅም። “ጠማማ ነበር ብየዳው። ሁሌ እስቅበት ነበር። ጠማማ አድርጊው” አልከኝ። እሱን ሳንጀምረው ሆስፒታል ገባህ፤ ወደ ቤትም አልተመለስክልኝም።

እና ሠራሁት፣ ታዴዬ። የኬክ ጠርዝ የለመደ እጅ ቀጥ ወዳለው እየሄደ አስቸገረኝ። ነቅዬ እንደገና አስተኛሁት። አረንጓዴውን ቀለም ስቀባው ያ ጠማማ መስመር ከቀለሙ ስር ብቅ ሲል፣ ብሩሹን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ሳራ ፎቶ አንስታ ፌስቡክ ላይ አወጣችው። “የአባቴ ታንክ ነው። ፓራፋንጎውን የበየደው ጉታ የሚባል ጓደኛው ነበር፤ የሚያውቀው ካለ ይንገረን” ብላ ጻፈች። እኔ ተስፋ አላደረግኩም። ሰው ለሰው ሲያሳይ ሰንብቶ ግን አንድ ቀን ስልኳ ጠራ። ራሱ ጉታ ነበር።

እዚሁ ከተማችን፣ አያት ሰፈር ነው የሚኖረው። አያት! ቦሌ ላይ የሚቆሙትን ፎቆች ብረት ሲበይድ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ስንት ጊዜ መገናኛ ታክሲ ስትጠብቁ ጎን ለጎን ቆማችሁ ይሆን? ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በማግስቱ መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ደረጃውን ሲወጣ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። ታንኩን ሁለት እጁ ላይ አድርጌ ሰጠሁት። መነጽሩን አውጥቶ ብዙ አየው።

“ማነው ይሄን ያጣመመው?” አለ።

“ታዴ እንዲህ ነበር ብሎኝ ነው” አልኩት።

“ውሸቱን ነው! የኔ ብየዳ ቀጥ ያለ ነበር። ጠማማ ከሆነስ መብራቱን የያዘው ማን ሆነና!” ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ እንባው ቀደመው።

መቃብርህን እንዳሳየው ለመነኝ፤ ይዤው ሄድኩ። ስንመለስ ነው ታክሲ ውስጥ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ “የታዴ አክስት ጎረቤት የነበረችው ልጅ አንቺ ነሽ ማለት ነው?” ያለኝ። አዎ አልኩት። “በፈቃድ ሄዶ አይቶሽ ከተመለሰ ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ‘ከተረፍኩ ሽማግሌ እልካለሁ’ ይል ነበር። እኔ ስምሽን ታንኩ ውስጥ ስሰማው ነው የኖርኩት” አለኝ።

ታዴዬ፣ እኔ እኮ ያጋባችን አክስትህ ትመስለኝ ነበር! ያኔ ከጦር ሜዳ ተመልሰህ ሥራ ስትፈልግ፣ እሷ አዝናልህ ቤተሰቦቼን የለመነችልህ፣ አንተም እሺ ያልክ። እኔም እሺ ያልኩት እሷን ወድጄ ነው፤ አንተን የወደድኩህ ከገባሁ በኋላ ነው። በፈቃድ በመጣህ ጊዜ እንደሆነ ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም፤ ስሜን የምታውቅም አይመስለኝም ነበር። ለምን አልነገርከኝም? ኧረ አንተ ሰው!

ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ኮረዳ አፈርኩ።

አልረሳህም ብዬ መማል አያስፈልገኝም፤ ታውቀዋለህ። ግን ከእንግዲህ የማስታውሰው አብረን የኖርነውን ብቻ አይደለም። እኔ ሳላውቅህ አንተ የወደድከኝን ያንን ዘመንም ጨምሬ አስታውስሃለሁ።

ያንተዋ አልማዝ